ድምፅ የሚቆጥሩትን ሰዎች ማን ይምረጥ? ዝምድናና ይሉኝታ በምርጫ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ

የሽምብጥ መምህርት፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ለብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አንድ ጉዳይ ለውይይት አቀርባለሁ። ጉዳዩ በየምርጫ ጣቢያው ድምፅ የሚቆጥሩት ሰዎች ከየት እንደሚመጡና ማን እንደሚያቀርባቸው ነው። የየትኛውንም ፓርቲ ወገን ይዤ ልከራከር አልመጣሁም፤ ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለውንም በዚህ ክር እንዳናነሣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዓመቱንም ቀበሌውንም አልጠቅስም። አምስት ነበርን። ኃላፊያችን በሰፈሩ የተከበሩ፣ ብዙ ጠብ ያበረዱ አዛውንት ናቸው። ከአራታችን አንዱ የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ልጃቸውን ያገባ አማቻቸው ነው፤ ሦስተኛዋ እርሳቸው ተያዥ ሆነው ሥራ ያስገቧት ወጣት ናት። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ የኃላፊያችን ባለቤት ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ አበልጄ ናቸው። ተንኮል አስቦ የሰበሰበን ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነኝ። «የሚታመኑ ሰዎች ስጡን» ተብለው ሲጠየቁ የሚያምኗቸውን ሰጡ፤ ሰው ደግሞ የሚያምነው የሚያውቀውን ነው።

ማታ ሣጥኑ ተከፍቶ ወረቀቶቹ በተማሪ ዴስክ ላይ ተዘረገፉ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የምንቆጥረው በባትሪ ብርሃን ነበር። እኩለ ሌሊት ገደማ አንድ ወረቀት መጣ፤ የጣት አሻራው በሁለት ዕጩዎች መካከል ካለው መስመር ላይ አርፎ፣ ግማሹ ቀለም ወደ ላይኛው፣ ግማሹ ወደ ታችኛው ገብቷል። ኃላፊያችን ወረቀቱን ወደ ባትሪው አስጠግተው ተመለከቱና «ይህ ለላይኛው ነው፤ የመራጩ ሐሳብ ይታወቃል» አሉ። የእኅታቸው ልጅ «እንዳሉት ነው፣ ጋሼ» አለ። አማቻቸው አንገቱን ነቀነቀ። ወጣቷ ቀድማ መዝግባዋለች። እንዲህ ያለው ወረቀት ዋጋ ከሌላቸው ጋር መቀመጥ እንዳለበት በሥልጠናው ላይ የተነገረንን በደንብ አስታውሳለሁ። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከፓርቲ ወኪሎች አንዱ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሌላው የኃላፊያችን የግንብ ጎረቤት ነው፤ እሱም ዝም አለ።

በዚያ ሌሊት እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ከአሥር አይበልጡም ነበር፤ ውጤቱንም አልቀየሩም። ድምፅ ተሰርቋል የሚል ክስ እንደማላቀርብ ከዚህ ትረዱልኛላችሁ። ነገር ግን አምስት ሰዎች ሆነን የተቀመጥነው አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያርመው ከሆነ፣ በዚያ ሌሊት በጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አራታችን የእርሳቸው እጅና እግር ነበርን። ያሰረንም ፍርሃት አልነበረም፣ ይሉኝታ ነው። በማግሥቱ ቡና ልጠጣ የምሄደው እርሳቸው ቤት ነውና። ለዚህ ነገር መላ ያላችሁ፣ ወይም በየሰፈራችሁ የተለየ አሠራር ያያችሁ ካላችሁ ብትጽፉልኝ እወዳለሁ።


የፋሲሎ ነዋሪ፦

እኅታችን፣ በቅንነት ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። ዝምድናን እንደ በሽታ ከቆጠርነው ከተማችን ውስጥ ጤነኛ የሚባል ተቋም አይተርፍም። ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ የሰበካ ጉባኤውም የቆመው በሚተዋወቁ ሰዎች ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ሲሰበሰቡ ለመዋሸት ድፍረት ያገኛሉ፤ የሚተዋወቁት ግን በመንደሩ ዓይን ሥር ናቸው። ከሩቅ መጥቶ ቆጥሮ የሚሄድ ሰው ነገ ማንም አይጠይቀውም። አንቺ የጠቀስሻቸው አዛውንት ግን ቢያጭበረብሩ ኖሮ እስከ ዛሬ በሰፈሩ ስማቸው ይነሣ ነበር።

ደግሞም ሕዝቡ ራሱ የሚመርጣቸው ሰዎች በጣቢያው እንዲቀመጡ የማድረጉ ነገር አዲስ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 532/1999 ዘመን በየጣቢያው በነዋሪው የሚመረጡ አምስት የሕዝብ ታዛቢዎች ነበሩ። እኔ የመረጥኋቸውን አውቃለሁ። ይህ የሚሻል ይመስለኛል።


የሽምብጥ መምህርት፦

ወንድሜ፣ ያ አሠራር በወረቀት ላይ መልካም ነበር። ጥያቄዬ በስብሰባው ላይ ማን ተገኘ የሚለው ነው። እኔ በተገኘሁበት የታዛቢዎች ምርጫ አዳራሹ ግማሽም አልሞላም ነበር፤ ከመጡት አብዛኞቹ በቀበሌው ሰዎች ቤት ለቤት የተጠሩ ናቸው። አንዱ እጁን አንሥቶ ስም ይጠቁማል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። የተጠቆመው ሰው ከጠቋሚው ጋር ምን እንደሚዛመድ ማንም አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም እንደ ነውር ይቆጠርበት ነበር። ሕዝብ መረጠ የምንለው በርግጥ ሕዝብ የመረጠውን ከሆነ እኔም ካንተ ጋር ነኝ።


ጠበቃ ከጣና ዳር፦

ለውይይቱ የሕጉን አቋም ባጭሩ ላስቀምጥ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 102 ምርጫ ቦርድን ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ አድርጎ ያቋቁማል። አዋጅ ቁጥር 1133/2011 ቦርዱን እንደ አዲስ ያደራጀ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ የምርጫውን፣ የፓርቲዎች ምዝገባንና የሥነ ምግባሩን ጉዳይ ይገዛል። በእነዚህ ሕጎች የአስፈጻሚ ገለልተኝነት በዋናነት የሚለካው የፖለቲካ ፓርቲ አባል ባለመሆን ነው። ይህ ተገቢ መለኪያ ነው፤ መምህርት ያነሣችውን ችግር ግን አይነካም። በዚያ ሌሊት ከአምስቱ አንዳቸውም የፓርቲ አባል ላይሆኑ ይችላሉ።

በፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ከተከራካሪ ወገን ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሣል። «በእውነት እፈርዳለሁ» ብሎ ቢምልም አይበቃም፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚጠብቀው የዳኛውን ልብ ብቻ ሳይሆን ተከራካሪው በችሎቱ ላይ ያለውን እምነት ጭምር ነው። በቆጠራ ጠረጴዛ ላይ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ገጥሞናል፤ ሳስበው ያደርኩትም ይህንን ነው። የዳኛ መነሣት ሕግ የሚያስበው በዳኛውና በባለጉዳዩ መካከል ያለውን ዝምድና ነው። መምህርት የነገረችን ዝምድና ደግሞ በዳኞቹ በራሳቸው መካከል ያለ ነው። ሦስት ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት የቀኙ የመሐሉ ልጅ፣ የግራው አማቹ ቢሆኑ ሦስት ዳኞች አሉን ማለት እንችላለን? ከባለጉዳዩ ጋር ምንም ባይዛመዱም ችሎቱ ያንድ ሰው ችሎት ነው። ስለዚህ «ከዕጩ ጋር ዝምድና አለህ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ እኩል «አብረውህ ከሚቀመጡት ጋር ዝምድና አለህ ወይ?» የሚለው በቅጹ ላይ መኖር አለበት እላለሁ። የአንድ መስመር ጭማሪ ናት።


የዘጌ ልጅ፦

ጠበቃው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ትክክል ነው። ግን እባካችሁ የከተማውን ነገር ይዛችሁ ለሁላችን አትፍረዱ። እኔ የተወለድኩት ዘጌ ነው። እዚያ ቡናው ከጥላው ዛፍ ጋር እንደተጠላለፈ ሰውም በሥጋና በጋብቻ የተጠላለፈ ነው። እናቴ ለጎረቤታችን የአክስት ልጅ ናት፤ ጎረቤታችን ለአባቴ የጡት ወንድም ነው። «የማይዛመዱ አምስት ሰዎች አምጡ» ቢባል ማንበብና መጻፍ ከሚችለው፣ በዚያ ቀን ሥራ ከሌለበት፣ የፓርቲ አባልም ካልሆነው ሰው መካከል አምስት አይገኝም። በደቅ ደሴት ደግሞ ይህ የበለጠ ይብሳል።

ሌላም ነገር አለ። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ለምዝገባ ሲመጡ የሚመዘገቡት በሚያውቋቸው ሰዎች ምስክርነት ነው። ከባሕር ዳር የተላከ እንግዳ ቢቀመጥ ማን ማን እንደሆነ በምን ያውቃል? የሌላ ሰው ካርድ ይዞ የመጣውን ጎረምሳ ገና ከበር ሲገባ «አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም ወይ፣ ዕድሜህ መች ደረሰ?» ብሎ የሚመልሰው የአገሩ ሰው ነው። አያቴ በደንብ ባይታወቁ ኖሮ ካርድ አያገኙም ነበር። እናንተ በሽታ ያላችሁት መተዋወቅ ለእኛ መድኃኒታችን ነው።


የሽምብጥ መምህርት፦

የዘጌው ወንድማችን ያነሣኸው ነገር ከጠዋት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልክ ነህ። እኔ ክሩን ስጀምር ያላየሁትን አሳይተኸኛል።

አሁን እንዲህ ሆኖ ይታየኛል። ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርገን ይዘናቸዋል። መራጭን መመዝገብና በዕለቱ ማንነቱን አረጋግጦ ወረቀት መስጠት አንድ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሰውን የሚያውቅ ያስፈልጋል፤ ባወቀ መጠን ይሻላል። ቆጠራ ግን ሌላ ነው። ሣጥኑ ከተከፈተ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ነው እንጂ ሰው አይደለም። ወረቀቱ የማን እንደሆነ መታወቅ የለበትም፤ ቆጣሪውም የማንም ዘመድ መሆን አያስፈልገውም። ሦስት መቶን ሦስት መቶ ብሎ ለመቁጠር የእገሌን አያት ማወቅ አይጠይቅም። እንዲያውም ለቆጠራ የሚሻለው የማያውቅ ነው፤ «ይህች ወረቀት አልገባችኝም፣ እንደገና እንያት» ለማለት የማያፍር። መዝጋቢው የሚያውቅ፣ ቆጣሪው የማያውቅ ቢሆን የዘጌንም የሽምብጥንም ጭንቀት አይመልስም ወይ?


የቀድሞ የፓርቲ ወኪል፦

ለሁለት ምርጫዎች የአንድ ፓርቲ ወኪል ሆኜ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የፓርቲውን ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። ከመምህርት ሐሳብ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፤ ቆጣሪውን የመከታተል ሥራ የወኪሎችና የታዛቢዎች ነው። እኛ ሥራችንን ብንሠራ ቆጣሪዎቹ ወንድማማቾች ቢሆኑ እንኳ ችግር አይመጣም ነበር። በመምህርት ታሪክ አንዱ ወኪል ተኝቷል፤ ሌላው ጎረቤቱን አፍሯል። ጥፋቱ የእነርሱም ነው።

ይሁን እንጂ ወኪሉ ምን እንደሚገጥመው ከውስጥ ልንገራችሁ። ወንበራችሁ የሚቀመጠው ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ርቆ ነው። ከዚያ ሆናችሁ ወረቀቱ ሲነሣ ጀርባውን ታያላችሁ እንጂ ምልክቱን አታዩም። «እባክዎ ወደዚህ አዙሩልኝ» ስትሉ አንድ ጊዜ ያዞራሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ ያዞራሉ፤ በሦስተኛው «ልጄ፣ አላመንኸኝም ወይ?» የሚል ቃል ይመጣል። ከዚያ በኋላ አራተኛ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ አልጠየቅሁም። ቆጣሪው የማላውቀው ሰው በነበረበት ጣቢያ ግን እስኪነጋ ድረስ ስጠይቅ አድሬያለሁ፤ እሱም ሳይቆጣ ሲያዞርልኝ አድሯል። ልዩነቱን በራሴ ላይ ስላየሁት ነው የመምህርትን ሐሳብ የምደግፈው።

ጠረጴዛው መካከል ላይ ይሁን፤ ወኪሎችና ታዛቢዎች በዙሪያው ይቁሙ፤ እያንዳንዱ ወረቀት ከመቀመጡ በፊት ለሁሉም ይታይ። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም፤ ወንበር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።


የፔዳ ግቢ ተማሪ፦

ሌሎች አገሮች ይህንን እንዴት እንደያዙት ጥቂት ላክል። በስፔን የምርጫ ጣቢያው ሰብሳቢና አባላት ከመራጮች መዝገብ ውስጥ በይፋ በሚወጣ እጣ ይሰየማሉ፤ እጣ የወጣበት ሰው በቂ ምክንያት ከሌለው በቀር እምቢ ማለት አይችልም። በሜክሲኮም ዜጎች በእጣ ይመረጣሉ፤ በተወለዱበት ወርና በአባት ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ከተለዩት መካከል ሠልጥነው ለቆጠራ ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ድምፅ ይቆጥራል፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የወሰነው እጣው ነው እንጂ ሰው አይደለም። ሕንድ ደግሞ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። አስፈጻሚዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ኮምፒውተር ይደለድላቸዋል፤ በሚኖሩበት ወይም በሚሠሩበት የምርጫ ክልል አይመደቡም፤ የትኛው ጣቢያ እንደሚሄዱም የሚያውቁት በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ሦስቱም አገሮች አንድ ነገር አስወግደዋል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አምስት ስም የሚጽፍበትን ወረቀት።


የሒሳብ ባለሙያ (ጡረታ)፦

የቀረበው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ወጪውንና አደጋውን ግን ማየት ይገባል። በ2013ቱ ምርጫ አንድ ጣቢያ እስከ 1500 መራጭ ይይዝ ነበር። መራጩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ሁለት ወረቀት ስለሚሰጥ በአንድ ሌሊት እስከ 3000 ወረቀት ይቆጠራል ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መራዘሙን ታስታውሳላችሁ። ገና ሳይነጋ ጀምረው ሲሠሩ የዋሉት አስፈጻሚዎች ናቸው ከዚያ በኋላ ቆጠራ የጀመሩት። በዚያ ሰዓት የደከመ ዓይን ያየውን ያምናል፤ የደከመ አፍም «ይሁን» ይላል። እንግዲህ ለቆጠራ የተለየ ቡድን ማታ ቢመጣ ከዝምድናው ጉዳይ በተጨማሪ ያልደከመ ሰው እናገኛለን። ይህ በእኔ ሚዛን ከዝምድናው የማይተናነስ ጥቅም ነው።

አደጋው ርክክቡ ላይ ነው። ገንዘብ ያዥ ሲቀየር ካዝናው ሳይቆጠር ቁልፍ አይሰጥም። የቀኑ ቡድን ለማታው ቡድን ሲያስረክብ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍሩ ነገሮች አሉ፦ ጣቢያው የተረከበው የድምፅ መስጫ ወረቀት ስንት ነበር፤ በመዝገቡ ላይ የፈረመው መራጭ ስንት ነው፤ ተበላሽቶ የተተካው ስንት ነው፤ ያልተሰጠው ስንት ቀረ፤ የሣጥኑ ማሸጊያ ቁጥር ጠዋት ከተጻፈው ጋር አንድ ነው ወይ። የተሰጠው፣ የተበላሸውና የቀረው ተደምሮ ከተረከቡት ጋር ካልገጠመ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ምክንያቱ ይጻፍ። በተበላሸና ዋጋ በሌለው መካከል ያለውን ልዩነትም ብዙ ሰው ያምታታል፤ የተበላሸው መራጩ ሣጥን ውስጥ ሳይከት መልሶ ሌላ የተሰጠበት ነው፤ ዋጋ የሌለው ግን ከሣጥኑ የወጣ ነው። የመምህርት ወረቀት የኋለኛው ነበረች።

አንድ ነገር በጥብቅ አሳስባለሁ። «እንግዳ ሰው ይቁጠር» ሲባል ሣጥኑን ወደ እንግዳው እንውሰድ የሚል ሰው ይኖራል። በፍጹም። ድምፅ በጣቢያው ተቆጥሮ ውጤቱ በዚያው በር ላይ ይለጠፋል፤ ይህ ያለን ትልቁ መተማመኛ ነው። ሣጥን በመንገድ ላይ ከሚሄድ ሰው ይሂድ። ሰው በባጃጅም በጀልባም ይሄዳል፤ ቢዘገይም ምንም አይጎድልበትም።


የዘጌ ልጅ፦

ጋሼ፣ እርስዎ በጻፉት ተረጋጋሁ። የእኛን ሣጥን ወደ ከተማ ከወሰዱት ነገሩ አበቃ ብዬ ሠግቼ ነበር። ሰው የሚመጣ ከሆነ ከዘጌ አምስት ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አምስት ወደ ዘጌ ቢለዋወጡ አልቃወምም። ጀልባው ማታ ስለማይሄድ ግን ቆጣሪዎቹ ከሰዓት በኋላ መምጣት አለባቸው፤ ማደሪያም ይሰናዳላቸው። ይህንን ያላሰበ ዕቅድ እኛ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። የቀኑ ሰዎቻችንም ተባርረው አይሂዱ፤ በቆጠራው ላይ ቆመው ይመልከቱ፤ የመንደሩ ሰው ጠዋት የሚጠይቀው እነርሱን ነውና።


የፋሲሎ ነዋሪ፦

ባለሙያው የጠቀሱት ርክክብ እኔንም አሳምኖኛል። ሰፊውን ጥርጣሬዬን ግን አልተውኩም፤ እንግዳ ቆጣሪን ከላይ የሚመድበው ማን ነው? መዳቢው ከላይ ከሆነ ዝምድናው ከመንደር ወደ ቢሮ ወጣ እንጂ አልጠፋም። «ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ» የተባለው ለመንደር ሰው ብቻ አይደለም።


አረጋዊ ከዓባይ ማዶ፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። የፋሲሎው ልጅ ለጠየቀው መልሱ በየቤታችን አለ። እቁብ ስናወጣ ስማችንን በወረቀት ቁራጭ ጽፈን፣ ጠቅልለን፣ ባርኔጣ ውስጥ እንከታለን። የሚያነሣው ግን ዳኛው አይደለም፣ ጸሐፊውም አይደለም። ከጓሮ የሚጫወት ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ተጠርቶ ይመጣል። ሕፃኑን ለምን እንደምንጠራው ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ አሁን ስታወሩ ገባኝ። ብሩ ለማን እንደሚደርስ የሚያውቅ እጅ እንዳይገባበት ነው። የሠለጠኑት ሰዎች ስም ተጽፎ በክፍለ ከተማው ሰው ፊት፣ የፓርቲዎቹም ወኪሎች ቆመው እያዩ እጣ ቢወጣ ከላይ መዳቢ አያስፈልግም።

በሽምግልናም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እኔም የእኔን ሽማግሌ አመጣለሁ፣ ባላጋራዬም የእርሱን ያመጣል፤ መካከለኛውን ግን ተስማምተን ነው የምንጠራው። ከእኔ ወገን ብቻ አምስት ሽማግሌ ይዤ ብቀመጥ ባላጋራዬ ገና ከበሩ ይመለሳል። ለበሬና ለድንበር ጠብ ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ለድምፃችን እንዴት አነስን?

ልጄ መምህርት፣ ስለ ዝምታሽ የጻፍሽውን አይቻለሁ። ከዚያ ሌሊት ይልቅ ዛሬ መናገርሽ ይሻላል፤ ግን ይህ ነገር በየትኛውም አዋጅ እስኪጻፍ ከመጠበቅ በእጃችን ባለው እንጀምር። ዕድራችሁ መቼ ነው ሹም የሚመርጠው?


የሽምብጥ መምህርት፦

አባታችን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዕድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚመርጠው የሚመጣው እሑድ ነው። ባለፈው ጊዜ እጅ በማንሣት ነበር የመረጥነው፤ ዘንድሮ በወረቀት ይሁን ብዬ ባለፈው ስብሰባ አሳስቤ ተቀባይነት አግኝቷል። ቆጣሪ ኮሚቴ ግን ገና አልተሰየመም፤ ለዳኝነት ከቀረቡት አንዱ ደግሞ ያ የቀድሞው ኃላፊያችን ናቸው። እርሳቸውንም በስልክ አነጋግሬአቸው ነበር። እንግዳ ሰው ይቁጠር ስላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ያኔ ያችን ወረቀት እኔም አልረሳኋትም» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ከሌላ ዕድር ሦስት ሰው ቢገኝልን ዳኞቻችን ፈቃደኞች ናቸው። የምናቀርበው ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ምሳ ነው።


አረጋዊ ከዓባይ ማዶ፦

ትናንት ማታ የዕድራችንን አባላት ሰብስቤ ነገርኋቸው። ሰባት ፈቃደኛ ተገኘ፤ ሽምብጥ ዘመድ ያለው እጁን ያውጣ ስል ሁለቱ አወጡ። ከአምስቱ ሦስቱን የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ከቆቤ ውስጥ አንሥታልናለች። አንዷ በገበያ እህል የምትሸጥ ናት፤ ቁጥር አትስትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በድልድዩ በኩል ይመጣሉ። እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ነገር ግን አንቺን ስላወቅሁሽ ከጠረጴዛው አልቀርብም፤ ከበር ላይ ወንበር አኑሪልኝ።